ጋሽ ቦቢ መኪና አልገባም ያሉ ዕለት

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ዓርብ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

እግርህ እንዴት ሆነልህ? እብጠቱ ቀነሰ? ጠበሉ ቦታ ስልክ ስለማይፈቀድ ነው እንጂ፣ እንደኔ ችኩልነትማ በቀን አሥር ጊዜ ነበር የምደውልልህ። እማሆይ ወለተሰንበት ለጽዮን ማርያም ወደዚያው ሊመጡ ስለሆነ ይህን ጽፌ በእጃቸው ልኬዋለሁ። ረስተኸው የሄድከውን መነጽርም ይዘውልሃል። እሳቸው ያንብቡልኝ እንዳትል፤ ራስህ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ሲቪዬን ያላስገባሁበት መሥሪያ ቤት የለም፣ ማክሰኞ ግን አንድ ቦታ ለኢንተርቪው ጠርተውኛል። የዚህኛውን ልቤ ነግሮኛል። «ልብሽ የማይነግርሽ የለም» ስትል ይሰማኛል፤ ሳቅብኝ ግድ የለም።

አሁን ወደሚከብደኝ ልግባ። ስትሄድ የግቢው በር ላይ ቆመህ «እስክመለስ ጋሽ ቦቢን አደራ» ብለኸኝ ነበር። ቦቢ ግቢ ውስጥ የለም። በሕይወት አለ፣ አልታመመም፣ ግን እዚህ የለም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እትዬ ፀሐይቱ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ቤቱን ለመሸጥ ሲያስማማ ታውቃለህ። አንተ በሄድክ በሦስተኛው ሳምንት ሸጠው። አዲሱ ባለቤት አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው። እቃችንን ከሰርቪስ ቤቱ አውጥቼ አክስቴ ፀዳለ ጋ ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ፣ አራተኛ ፎቅ። ስለ ቦቢ የብሎኩን ኮሚቴ ብጠይቅ ሰብሳቢው «ልጄ፣ እሱኮ ውሻ አይደለም፣ ጥጃ ነው» ብሎ አሰናበተኝ። የአዲሱ ባለቤት ወኪል ደግሞ ባለፈው ሰኞ ሰርቪስ ቤቱን ሲቆልፍ፣ እንደ ዘበት «እስከ ዓርብ ካላወጣሽው መድኃኒት አበላዋለሁ» አለኝ።

ከጌጃ ሰፈር እስከ አብነት ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ቡችላ ቢሆን ሁሉም ይፈልጋል፤ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ማን ይወስዳል? በመጨረሻ ባለሱቁ ረሻድ ሆለታ የወተት ላም የሚያረቡ ወይዘሮ ማናለብሽ የሚባሉ ደንበኛ አገኘልኝ። «ጅብ አስቸግሮኛል፣ ትልቅ ከሆነ አምጡት» አሉ። ትናንት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የረሻድ ጓደኛ በከር ፒክአፑን ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ!

በከር የኋላውን ከፍቶ «ግባ!» አለው። ቦቢ አየው፣ ሄደና በሩ ሥር፣ አንተ የምትቀመጥባት በርጩማ አጠገብ ተዘርግቶ ተኛ። እኔ ገመዱን ይዤ «ቦቢ ና! ቦቢ ተነሳ!» እያልኩ ጎተትኩት። የተጎተትኩት እኔ ነኝ። የሰፈሩ ሥጋ ቤት ለጾሙ ስለዘጋ ረሻድ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ትልቅ ቅልጥም አምጥቶ መኪናው ላይ አስቀመጠለት። አሸተተና ፊቱን አዞረ።

«ይሄ ውሻ ጾመኛ ነው እንዴ?» አለ ረሻድ።

«ታዲያ ሽሮ አታመጣለትም ነበር?» አለው በከር።

ሰፈሩ ሥራ ፈት አያጣም፤ ወዲያው ተሰበሰቡ። አንዱ «ጀለስ፣ የመኪናህን ዕድሜ አይቶ ነው እምቢ ያለው፣ አትፍረድበት!» ሲል ሁሉም አውካካ። ወኪሉ በረንዳው ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ያያል። «አትድከሙ» አለ። «እኔ ነገ ማንንም ሳላስቸግር እጨርሰዋለሁ።»

ሦስት ሆነን ልናነሳው ሞከርን። ጥርሱን ያሳየው ያኔ ነው አባዬ። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬ እንደዚያ ጥርሱን አይቼው አላውቅም። የበከር እጅጌ እስከ ክርኑ ተተረተረ። «እህቴ» አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ፣ «እኔ ውሻ ላደርስ ነው የመጣሁት፣ ልበላ አይደለም። አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ መሄዴ ነው።»

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሲጀመር ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

በዘበኝነት ሥራ የጀመርክ ሰሞን ቦቢን «ና አንተ» ብለህ ስትጠራው እትዬ ፀሐይቱ «ወልደ ሚካኤል፣ የዚህ ቤት ውሻ አንተ አይባልም!» ብለውህ ነበር። ሲቀልዱ ነው። ቀልድ እንደነበር ኋላ ራሳቸው እየሳቁ ነግረውኛል። አንተ ግን ትእዛዝ መስሎህ በማግስቱ «ጋሼ፣ ይምጡ» አልከው፣ በዚያው ዘለቅክ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ይለፉ»፣ «ይብሉ»፣ «እንግዳ ነው፣ ዝም ይበሉ»። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ጓደኞቼን ይዤ ስመጣ ሰምተውህ መሬት ላይ እስኪወድቁ ሳቁ። አብሬያቸው ሳቅኩ። ማታ ደግሞ «ለውሻ እርስዎ እያልክ አታዋርደኝ» አልኩህ። አልመለስክልኝም። ከዚያ ወዲህ እኔ ስኖር ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ነው የምታናግረው። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ትናንት ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ይግቡ» አልኩት። ጆሮው ቀና አለ፣ ግን አልተነሳም። ሹክሹክታ እንደማይበቃ ገባኝ። መኪናው ጎን ሄጄ ቆምኩ፤ አንተ ለእንግዳ በር ስትከፍት እንደምታደርገው ጎንበስ አልኩና ጮክ ብዬ፣

«ጋሽ ቦቢ፣ እንግዲህ ይግቡ» አልኩ።

ተነሳ። ሰውነቱን አራገፈና በሰዉ መሀል ቀስ ብሎ አልፎ፣ አንዴ ብቻ ዘሎ መኪናው ላይ ወጣ። ቅልጥሙን ረግጦት ነው ያለፈው።

«ወላሂ፣ ሚኒስትር ነው እንዴ!» አለ ረሻድ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ወኪሉ ሳይቀር ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አንተን አንድ ቀን እርስዎ ብዬህ የማላውቅ ልጅ፣ ለውሻህ አልኩት። እሱም አምኖኝ ገባ። አንተ ዘጠኝ ዓመት ያከበርክበትን ቃል እኔ ከቤቱ ላስወጣው ተጠቀምኩበት። ምን ላድርግ? ነገ መድኃኒት ሊያበሉት ነበር። ትክክል ነው እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ራሴ ግን አልቀበል ብሎኛል።

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በከር ነው።

«ደርሰናል። አሁን ደግሞ አልወርድም አለ።»

«‹ይውረዱ› በለው።»

«እኔ? ለውሻ? ሴትዮዋ ፊት?» ትንሽ አመነታና «ስፒከር ላይ ላድርግሽ፣ አንቺው በይው» አለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ዝም ልል ፈልጌ ነበር። ዝም ካልኩ በከር ተስፋ ቆርጦ ይዞት ይመለሳል። ግን ወዴት? የሚመለስበት ቤት የለም። ዓይኔን ጨፍኜ «ጋሼ፣ ደርሰዋል። ይውረዱ» አልኩ።

የመኪናው ብረት ሲንኳኳ ተሰማኝ። ከዚያ በከር መጣ፣ ድምፁ ተለውጧል። «ወርዷል» አለ። «ግን እጄን አልለቅም አለኝ። ስልኩን እያሸተተ ነው። ከውስጡ ይፈልግሻል መሰለኝ። ልዝጋው?»

«ቆይ» አልኩት።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር።

አባዬ፣ አደራህን እንደበላሁ ቁጠረው፤ አልከራከርህም። በእማሆይ መልስ ስትልክ «ደህና ነኝ» ብለህ ብቻ እንዳትተወኝ። ተቆጣኝ። ዝም ካልከኝ ነው የምፈራው።

ጽዮን ማርያም ታማልድህ፣ በእግርህ ቆመህ ለመምጣት ታብቃህ። ስትመለስ ከአውቶቡስ እንደወረድክ ቀጥታ ኮንዶሚኒየሙ ጋ ና፤ ታች ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ ደረጃውን ተደግፈኸኝ ቀስ እያልን እንወጣዋለን። በድሮው ግቢ በኩል ግን አትለፍ፣ እባክህ። በሩን ዛሬ ጠዋት ነቅለውታል።

ልጅህ፣
መቅደላዊት ወልደ ሚካኤል