ለሰፊው አዳራሽ ስለተገዛችው ጠባብ ኮምፒውተር

ለተከበሩ የነዋሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር፣
ባሉበት፣ ማለትም ወንበርዎ ላይ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ባለፈው ስብሰባ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዴም ሳያርፍ ያገለገለን ጉሮሮዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የሰፈሩ ልጆች፣ ማለትም በንግግርዎ መግቢያ ላይ «የነገ አገር ተረካቢዎች»፣ በመዝጊያው ላይ ደግሞ «እነዚህ ጌመኞች» ብለው የጠሩን፣ ተመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም። በአካል ላነጋግርዎ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ እትዬ ጸሐፊ ሦስቱንም ጊዜ «ጋሼ ስብሰባ ላይ ናቸው» ስላሉኝ ነው። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆሜ ስብሰባውን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ አጥቂው ተከላካዩን አልፎ ወደ ግብ ክልል እየገባ ነበር። ከዚያ ድምፁ ድንገት ድርግም አለ፣ እርስዎም «አይ አንቺ!» ሲሉ ሰማሁ። ስብሰባው በምን እንደተጠናቀቀ እስካሁን ስላላወቅኩ በጽሑፍ ለመምጣት ተገድጃለሁ።

ጉዳዬ አንድ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤው «የወጣቶች ኮምፒውተር ክፍል አገልግሎት የማይሰጥ በመሆኑ የወንበር ማከማቻ እንዲሆን» የሚል ሐሳብ እንደሚቀርብለት ሰምተናል። ለወንበሮቹ ያለን አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ሆኖም ወንበሮቹ እስከ ዛሬ ደጅ በማደራቸው አቤቱታ ሲያቀርቡ አልሰማንም፣ እኛ ግን እያቀረብን ነውና ተራው የእኛ ይመስለኛል።

ታሪኩን ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ። አምና ማኅበሩ ለወጣቶች ኮምፒውተር ሊገዛ ሲወስን፣ እኛ ተሰብስበን የዕቃ ዝርዝር አዘጋጅተን አመጣንልዎ። በዝርዝሩ መሠረት ዕቃው ለየብቻው ተገዝቶ እኛው በነፃ ብንገጥመው ሦስት ትልልቅ፣ ጉልበተኛ ኮምፒውተሮች ይወጡት ነበር። እርስዎም ወረቀቱን ከዓይንዎ አርቀው ይዘው አነበቡና «ልጆቼ፣ የተበታተነ ዕቃ ገዝተን ማኅበሩን ጋራዥ አናደርገውም» አሉን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራስዎ ወደ ሱቅ ወርደው፣ የጫማ ካርቶን የማታክል፣ ዙሪያዋን ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራባት የጌም ኮምፒውተር እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው መጡ። ዋጋዋ የእኛዎቹ የሦስቱ ድምር ነው። «ቴክኖሎጂ ሲራቀቅ ያንሳል!» ብለው አዳራሹ ውስጥ ከፍ አድርገው ሲያሳዩን ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ መዳፌ ይቅር ይበለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ዕቃዋን በዕቃነቷ አልንቃትም። አልጋና መደርደሪያ ብቻ የሚችል ክፍል ውስጥ ለሚኖር፣ ወይም ኮምፒውተሩን በቦርሳ ይዞ ከቦታ ቦታ ለሚዞር፣ ወይም ካቻቪቴ መጨበጥ የማይወድና ሲበላሽ የሚደውልለት አንድ ሱቅ ለሚፈልግ ሰው፣ ተገጣጥማ የመጣች ትንሽ ኮምፒውተር ትርፍ ዋጋ ብታስከፍለውም ከስሯል አልልም። ያ ሰው ቦታና ጊዜ ገዝቷል። ቦታ ለሌለው ሰው ትንሽነት ዕቃ ነው፣ ዕቃ ደግሞ ዋጋ አለው። እኛ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ የጎደለን ቦታ ነበር? «የኮምፒውተር ክፍል» የተባለልን አዳራሽ ሁለት የጭነት መኪና ጎን ለጎን ያቆማል። እርስዎ ትንሽነትን በሦስት እጥፍ ገዝተው እዚያ መሃል አስቀመጡልን፤ ከዚያ ጠፍታ እንዳትቀር ትልቅ ጠረጴዛ አስገዙላት፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን ስታሳዝንዎ የዋንጫ ማስቀመጫው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቧት። የቦታ ቁጠባ እንዲህ ሰፊ ቦታ ሲፈጅ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው፤ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፤ ስለ መተንፈስ። የዚህች ኮምፒውተር ሙቀት በሙሉ የሚወጣው በሁለት ጎኖቿ ባሉ መዳፍ በሚያካክሉ ቀዳዳዎች ነው። ትልቅ ሳጥን ቢሆን ሙቀቱ የሚንጎራደድበት ቦታ ያገኝ ነበር፣ እሷ ግን ያላት ይኸው ነው። በአንደኛው ጎን ከፋብሪካው የመጣው ላስቲክ እንደተለጠፈ አለ፤ «እስከ ርክክቡ አዲስ ትምሰል» ተብሎ ነው፣ ርክክቡ ካለፈ ስምንት ወሩ ነው። በሌላው ጎን ንብረት ክፍላችን የንብረት ቁጥሯን በትልቅ ወረቀት ለጥፎ፣ ወረቀቱ እንዳይላቀቅ በላዩ ላይ ሰፊ ፕላስተር ጨምሮበታል። ከላይ ደግሞ ባለቤትዎ በገዛ እጃቸው የሠሩት፣ ሙያቸው የሚያስቀና ዳንቴል ለብሳለች። ከዚያ ገመዶቿ ብቻ ውጭ ወዳሉት ስክሪንና ኪቦርድ ወጥተው ቁም ሣጥኑ ይቆለፋል፤ «አቧራ እንዳይገባ»። አቧራ አልገባም፣ አየርም እንደዚሁ።

አንድ ቀን ቁልፉን የሚይዙትን ጋሼ ንብረትን «ላስቲኩን ልላጥላት?» ብዬ በትሕትና ጠየቅኳቸው። «አንተ ልጅ፣ የማኅበር ንብረት እንደ ብርቱካን ይላጣል እንዴ? ቃለ ጉባኤ አምጣ!» አሉኝ። ቃለ ጉባኤ ለማምጣት ጉባኤ ያስፈልጋል፣ ጉባኤ ለመጥራት ደግሞ እርስዎ፣ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነዎት።

ሁለተኛ፤ ስለ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ኮምፒውተሯ ታፍና ስትሞቅ ራሷን ለማዳን ትጠፋለች፤ ይህም የሚሆነው በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ነው። የልብስ ሰፊውን ልጅ፣ «ዝምታ» እያልን የምንጠራትን ያውቋት ይሆናል። ካላወቋትም አይገርመኝም፣ ጮኻ አታውቅም። ይህች ልጅ ፍሬን የሌለው አውቶቡስ መንገደኞቹን በሙሉ ከየቤታቸው የሚያደርስበትን የራሷን ጌም እየሠራች ነው፤ በወሩ መጨረሻ ለወጣቶች ውድድር ታስገባዋለች። ቤቷ የአባቷ መስፊያ ክፍል ነው፤ ያለው አንድ ሶኬት ነው፣ እሱም የካውያው ነው። ስለዚህ ያላት ቦታ የእኛው ክፍል ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ ትሠራለች፣ በአሥራ ሁለተኛው የሠራችውን አስቀምጣ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች፣ እስክትበርድ ሃያ ደቂቃ ትቀመጣለች፣ እንደገና ትጀምራለች። የአውቶቡሱን መስኮቶች በቀን ሁለት ሁለት እያደረገች ነው የጨረሰችው። አንድም ቀን አላማረረችም፤ እኔ እዚህ የማማርረው የሁለታችንንም ድርሻ ነው።

ቢሮዎ በር ላይ ሆኜ የሰማሁት ድምፅ በስንተኛው ደቂቃ እንደጠፋ አልቆጠርኩም። እርስዎ ግን እስካሁን ቆጥረውት ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥፋተኛው። ኮምፒውተሯ መጥፋት ስታበዛ ኮሚቴው ምርመራ አካሂዶ «ጌም ነው ያቃጠላት» የሚል ውሳኔ ላይ ደረሰ። የጌም ኮምፒውተር ገዝቶ ጌም አቃጠላት ማለት ኳስ ገዝቶ እንዳትመታ ማለት ነው። ላስቲኩ ሳይጠየቅ፣ ፕላስተሩ ሳይጠየቅ፣ ዳንቴሉማ በባለሥልጣን ዘመድነቱ ጭራሽ ስሙ ሳይነሳ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታና እኛ ኮምፒውተሯን እንዳንነካ ታገድን። እሷም «ለደኅንነቷ» ወደ ቢሮዎ ተዛወረች፣ ከነጠረጴዛዋ፣ ከነዳንቴሏ።

አራተኛ፤ ይህን እናቴ አንብባ ሰርዛዋለች። «ትልቅ ሰው ናቸው» አለች። እውነቷን ስለሆነ ወደ አምስተኛው አልፋለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ዋስትና። «ዋስትና አላት» ሲሉን ደረትዎን ነፍተው ነበር። ከኮሚቴው ጋር ሱቁ ድረስ ወስደዋት ሻጩ ከጎኗ ያለውን ላስቲክ በጣቱ ነክቶ «ጋሼ፣ ይህ ሳይላጥ እንዳትሠራ መመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ፤ ዋስትናው አይሸፍነውም» እንዳለዎት ከእርስዎ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ዋስትናው የአህያ ባል ሆነ። ብንከፍታት ደግሞ ውስጧ ሁሉ ለእሷ ብቻ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ማራገቢያዋ ቢሰበር ከሌላ ቦታ አይገኝም፣ ጉልበት እንጨምርላት ብንል መጨመሪያ ቀዳዳ የላትም። በትልቅ ሳጥን ውስጥ ማራገቢያ ሲሰበር የሚገዛው ማራገቢያ ነው። በእሷ ዘንድ ግን ቁልፍ ስለጠፋ ቤት እንደ መቀየር ነው።

ስድስተኛ፤ ይህ እንኳን ቅሬታ አይደለም፣ ዜና ነው። በእርስዎ ፊርማ «ተወግዷል» ተብሎ ጓሮ የተጣለውን የድሮ የቢሮ ኮምፒውተር አንስተን፣ ከጠጋኝ ቤት ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ በመዋጮ ገዝተን ገጥመንበታል። እገዳው ኮምፒውተሯን ለመንካት እንጂ ክፍሉን ለመጥረግ ስላልሆነ፣ ለመጥረግ ገብተን እዚያው ቀረን። ጠረጴዛውን ልብስ ሰፊው ሰጡን፣ የድሮ የስፌት መኪና ማስቀመጫ ነው። የሳጥኑ በር ስለማይገጥም በቀበቶ አስረነዋል። አባዬ ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ቀበቶው አልጠፋም። ስሟ «ቆርቆሮ» ነው፤ ስትነሳ እንደ ወፍጮ ትጮኻለች፣ መልኳም ዋንጫ አጠገብ አያስቀምጥም። በመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ደቂቃዎች ትንሿ ትበልጣታለች፣ ይህን አልክድም። ከአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ግን የሚወዳደራት የለም። ዝምታ በሦስት ቀን የአውቶቡሱን መንገደኞች በሙሉ አሳፍራለች፤ የቀረው ማውረድ ነው። ቅዳሜ ክፍሉ ለወንበሮቹ ከተሰጠ፣ ፍሬን የሌለው አውቶቡስ ሰዎቹን እንደያዘ ይቀራል።

ስለዚህ ልመናችን አጭር ነው። ክፍሉን ይተዉልን። ትንሿን ደግሞ ጠባብ ቤት ላለው ሰው በደህና ዋጋ ይሽጧትና እሷም በሚገባት ቦታ ትኑር፣ እኛም ለቆርቆሮ ሁለት እህቶች እንግጠም። መሸጡ ከከበደዎ ግን፣ ቢያንስ ላስቲኩን ይላጡላት። ቃለ ጉባኤ ካስፈለገ እኔ እጽፋለሁ፣ ዳንቴሉንም አጣጥፌ ለባለቤትዎ በክብር አስረክባለሁ።

ለሰጡን ትምህርት፣ ለገዙልን ትንሽነት፣ እንዲሁም ይህን ደብዳቤ ከሰሌዳው ላይ ከመቅደድዎ በፊት እስከዚህ ድረስ ለማንበብ ለታገሡት ትዕግሥት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ የኮምፒውተርዎንም፣ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ፣
ጋሼ ንብረት ባወጡልኝ ስም፣
«ካቻቪቴ»

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እትዬ ጸሐፊ ፍላሽ ይዘው እያለከለኩ ወደ ክፍላችን መጡ። የቅዳሜውን ሪፖርት ቢሮዎ ባለችው ኮምፒውተር ላይ ሲጽፉ አራት ጊዜ ጠፍታባቸው «እባካችሁ ልጆቼ፣ ያቺ ቆርቆሯችሁ ትሠራለች?» አሉን። ትሠራለች አልን። ዝምታ ከአውቶቡሷ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችላቸው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ቁጭ ብለው ጨረሱት። «ክፍሉ አገልግሎት አይሰጥም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተጻፈው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፣ ገጽ ሦስት ላይ ያገኙታል። ሰንጠረዦቹን አስተካክለንልዎታል፣ የገጽ ቁጥርም አስገብተናል። ያንን ዓረፍተ ነገር ግን ከሥሩ የእርስዎ ስም ስላለበት አልነካነውም።