ከሶኬቱ ጠብ ያለው ውሃ

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬ ከአባዬ ጋር ፒያሳ ተመለስን። እትዬ ጸጌ፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ ትናንት ተቀበሩ።

ቅዳሜ ዕለት አባዬ «አክስትህ ሕመሙ ጸንቶባታል፤ ነገ በጠዋት አድርሰኝ» ሲለኝ፣ መኪናዬን ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ወስጄ አሳጠብኳት። ኮፈኑን አስከፍቼ ሞተሩን ጭምር በግፊት ውሃ። አባዬ ስቆ «አቧራ ውስጥ ልትነዳት ምን አለፋህ?» ብሎኝ ነበር። እኔ ሞኙ፣ በቆሸሸ መኪና ዘመድ ቤት አልሄድም ብዬ ነው።

አስፋልቱን ጨርሰን ኮረኮንቹ ላይ ትንሽ እንደተንገጫገጭን ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ቁልፉን ሳዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አልነሳም አለ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ የባትሪውን ራስ ጠረግኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። የሞተሩን ሴንሰር የሽቦ ሶኬት የነቀልኩት ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነው። የቅዳሜው እጥበት ውሃ ጠብ አለ። በሸሚዜ ጫፍ አድርቄ መልሼ ስሰካው ወዲያው ተነሳ። መጀመሪያውኑ እሱን ብነቅለው ኖሮ…

«ምን ሆና ነው?» አለኝ አባዬ።

«ባትሪ ነው» አልኩት።

ስንደርስ ለቅሶው ከግቢው ውጭ ይሰማል። እትዬ ጸጌ እስከ ረፋድ ድረስ «ወንድሜ አልደረሰም?» እያሉ ይጠይቁ ነበር አሉን ለቅሶኞቹ።

ዛሬ በራችን ላይ ስናቆም አባዬ ወርዶ ኮፈኑን ዳበስ አደረገው። እጁ ላይ የቀረውን አቧራ አየና «ለእኔ ስትል እንዲህ ሆነችብህ። ነገ ደህና አድርገህ አሳጥባት» አለኝ።

እሺ አልኩት።