ሳይበስል የወረደ ሂዮቲያ

ልጄ ነሬይዳ፣ የሁኪላዋ ድንግል በምትሄጂበት ሁሉ ትቅደምሽ፤ የማድሪድ ብርድ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ዘንድሮ አያፈስም፤ ቀይዋ ፍየልም መንታ ወልዳለች። አንገትሽን ሸፍነሽ ውጪ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ድምፅሽን ስሰማ ወሬውን ወደ ፍየሏ እመልሰዋለሁ።

ፍሬያችንን እንዲገዛ አንቺ ለምነሽ የላክሽልን አይስክሬም ሠሪ መጥቶ ነበር። የግንቦቱ የቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ሳያልፍ የቁልቋላችንን ፍሬ፣ ሂዮቲያን፣ ለመልቀም ዘንግ የሚያነሳ የለም። እኔ ግን ሰውዬው ቀድሞ እንደሚመጣ ስሰማ፣ የልጄ እንግዳ ባዶ ቅርጫት አያይም ብዬ ብቻዬን ሄጄ ቁልቋሉን አራገፍኩት። የፍሬው ልጣጭ ገና አረንጓዴ ነበር። ቅርጫት ውስጥ ይበስላል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከቁልቋሉ ከወረደ በኋላ እንደማይበስል ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ሰውዬው አንዱን ቀመሰና፣ «ዶኛ ብራውሊያ፣ ይሄማ ከሎሚ በምን ይሻላል?» ብሎኝ ሄደ። ከበዓሉ በኋላ ተመለስ እንኳ አላልኩትም።

አሁን ኮረብታው ሁሉ ማር የመሰለ ሂዮቲያ ነው፤ ገዢ ግን የለም። የክርስትና እናትሽ ክሬሴንሲያ የለቀመችውን ለአሳማ እየደፋች፣ «ድሮም ይሄ የወፍ ቀለብ ነው፤ ልጃችን በከንቱ ደከመች» አለችኝ። እኔም ያጠፋሁትን ደብቄ «እውነትሽን ነው» አልኳት።

እባክሽ ለሰውዬው ደውዪለት። ጥፋቱ የእናቴ እጅ ነው፣ የፍሬው አይደለም በዪው። መስከረም ላይ ሁለተኛው ፍሬ ሲደርስ ከመጣ፣ መጀመሪያ ከክሬሴንሲያ ቅርጫት ይቅመስ። የእኔን ቢያልፈው አይከፋኝም።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ፤ የእኔ እጅ ያበላሸብሽንም ድንግል ታቅናልሽ።

እናትሽ ብራውሊያ