ከሙሾ ወደ ድርሰት፦ የወይዘሮ ጥሩሸዋ ቅጣው የሕይወት ታሪክ (1966–2015 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ቅጣው ከአባታቸው ከአቶ ቅጣው በዕውቀቱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ይሥሐቅ፣ በግሼ ከራቤል ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በኅዳር ወር 1966 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኙም። በ1983 ዓ.ም. ከአቶ መኳንንት ለተሥላሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እሌኒንና ምንተስኖትን አፍርተዋል። በ1990 ዓ.ም. ወደ መሐል ሜዳ መጥተው የበግ ፀጉር አጥበውና ፈትለው የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ባና ሠሪዎች በመሸጥ ቤታቸውን አቆሙ።

በከተማው ብዙዎች የሚያውቋቸው በሙሾ ነበር። ለቅሶ ቤት ደርሰው ስለ ሟቹ ጥቂት ከጠየቁ በኋላ እዚያው ግጥም ያወርዳሉ። ቁጡውን ታጋሽ፣ ቆጥቋጣውን ለጋስ ያደርጉት ነበር።

በ2005 ዓ.ም. የጎልማሶች ትምህርት ጀመሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ከልጆች ጋር አራተኛ ክፍል ገቡ። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ በወላጆች ቀን የሚነበብ ድርሰት እንደሚመረጥ ሲሰሙ፣ “የእኔ ካልተነበበ ተማርኩ አልልም” አሉ።

የመጀመሪያው ድርሰታቸው ስለ ሰፈራቸው ምንጭ ነበር። የአማርኛ መምህሩ አቶ አትናቴዎስ አንብበው፣ “እትዬ ጥሩሸዋ፣ ምንጩ ሞተ እንዴ? አንድ እንከን የለበትም እኮ” ሲሏቸው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም “ልጄ፣ የለመድኩት የሞተ ማመስገን ነው። በሕይወት ያለውንማ የምናማው በአፍ ነው” ብለው አብረው ሳቁ። ድርሰቱ ግን አልተመረጠም።

በዓመቱ ምንጩን ያቆሸሹትን ሰዎች ስም እየጠሩ ጻፉ። መምህሩም “ይኼ ደግሞ ክስ ነው። እርስዎ የት ነበሩ?” ብለው መለሱላቸው። ይህን ለመመለስ ሌላ ዓመት ፈጀባቸው።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. ድርሰታቸው ተመረጠ። እሌኒ “እማዬ፣ ሰፈሩ ያኮርፈናል፤ ይቅርብሽ” ብትላቸውም ጎረቤቶቻቸው ፊት ቆመው አነበቡ። “የበግ ፀጉር ምንጩ ራስ ላይ ስናጥብ የኖርን እኛ ነን። መጀመሪያ የጀመርኩትም እኔ ነኝ። ልጆቻችን ሆዳቸውን ሲታመሙ ውሃውን ትተን ቡዳ ስናማ ኖርን።”

ወይዘሮ ስንታየሁ የሚባሉ ጎረቤታቸው ከኋላ ሆነው፣ “ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ እሷን አይቼ ነው” ሲሉ ሳቁና ጭብጨባው አንድ ላይ መጣ። በሳምንቱ ምንጩ ታጠረ፤ ማጠቢያውም ወደ ታች ወረደ።

በ2014 ዓ.ም. በወረዳው የተማሪዎች የድርሰት ውድድር አንደኛ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ሲጠሩም ሟቹን በሠራው ሥራ ብቻ ያነሡት ነበር። ሰው ከበፊቱ ይበልጥ አለቀሰ።

ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ሳሉ በኩላሊት ሕመም ደብረ ብርሃን ገብተው ሲታከሙ፣ ስለ አስታማሚዎች አንድ ድርሰት ጽፈው ላኩ። ሰኔ 18 ቀን በወላጆች ቀን የክፍል ጓደኛቸው መሲ ስታነብላቸው በስልክ ሰሙ። ጭብጨባው እስኪያበቃ ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም። ለአስታማሚያቸው ለምንተስኖት፣ “ድርሰቴ እኔ ሳልኖርም ቆሞ ሄደ” አሉት።

ሰኔ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጃቸውን፣ እንዲሁም በእጃቸው የጻፏቸውን አሥራ አንድ ደብተሮች ትተውልናል። አምላካችን ስማቸውን በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን። አሜን።