በወታደራዊ ችሎት ለተከሰሱት የቆሙት የሻለቃ ሩት ዓምደሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ሻለቃ ሩት ከአባታቸው ከአቶ ዓምደሚካኤል ወልደየስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋረገጥ ደምሴ ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም. በሊሙ ገነት ከተማ ተወለዱ። የእርሳቸውና የእኔ የወንድማቸው አባት ከሸዋ በሥራ ተዛውረው የመጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። ሩት ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት በጎረቤታችን በወ/ሮ ጠይባ ግቢ ሲጫወቱ አፋን ኦሮሞን አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር።

አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በጅማ ከተማ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር ከአክስታችን ጋር ተቀምጠው ተማሩ። በ2000 ዓ.ም. ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። አባታችን ሩትን በዳኝነት ካባ ሊያዩ ሲጠባበቁ፣ እርሳቸው ለመከላከያ የሕግ ባለሙያነት ተመዝግበው መጡ።

«ዳኝነት እየጠበቀሽ ወታደር ቤት ምን ልትሠሪ ነው?» አሏቸው አባታችን።

«አባዬ፣ እዚያም የሚከሰስ ሰው አለ። የሚቆምለት ይፈልጋል።»

አባታችን ሁለት ሳምንት አላነጋገሯቸውም። ሩትም በመጀመሪያው ዙር ሥልጠና ጉልበታቸው ተጎድቶ ተመለሱ። ሁላችንም ነገሩ በዚሁ ያበቃል ብለን ነበር። እርሳቸው ግን ጉልበታቸው እንደዳነ በየማለዳው ከቦሳ አዲስ እስከ ኪቶ ፉርዲሳ እየሮጡ ከርመው በቀጣዩ ዓመት ሥልጠናውን ጨረሱ። በምክትል መቶ አለቃነት ተመርቀው በወታደራዊ ተከላካይ ጠበቃነት ተመደቡ።

በ2004 ዓ.ም. ከጅማ ቡና ቀማሽ ከአቶ አዲስ ፈለቀ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ልጃቸውን ናርዲን አፍርተዋል።

በ2006 ዓ.ም. ከጥበቃ ቦታው ኮብልሏል ተብሎ የተከሰሰ ደሬሳ የሚባል ወጣት ወታደር እንዲከላከሉለት ተሰጣቸው። በአማርኛ የተጻፈው ቃሉ «ጥበቃዬን ትቼ ጠፋሁ» ይላል፤ ፊርማውም አለበት። ሩት ግን አጠገቡ ተቀምጠው በአፋን ኦሮሞ፣ «ሱታ ጄዲ፣ ቀስ ብለህ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አሉት። ወታደሩ ምጥ የጠናባትን የመንደር ሴት ከዘመዶቿ ጋር በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አድርሷል። ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ሁለት ቀን ማዶ ቀርቷል። የፈረመው ወረቀት ምን እንደሚል አያውቅም ነበር።

ምስክር ስላልቀረበለት ስድስት ዓመት ተፈረደበት። አንድ አለቃቸው፣ «ፋይሉ ተዘግቷል፣ ተዪው» ሲሏቸው፣ «ጌታዬ፣ የይግባኙ ጊዜ ገና አላለቀም» ብለው ወጡ። የዓመት ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ መኪና እስከሚገባበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግራቸው ሄደው ሴቲቱን አገኟት። ሴቲቱ ልጇን አዝላ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፊት ቆመች፤ «እኔንም ይህንንም ያተረፈ እሱ ነው» ብላ ወደ ደሬሳ ጠቆመች። የኩብለላው ክስ ተሰረዘ። ጥበቃውን ሳያስፈቅድ በመልቀቁ በዲሲፕሊን ብቻ ተቀጥቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

በዚያ ሳምንት ስልክ ደወሉልን፤ ሲያለቅሱ የሰማናቸው ያኔ ብቻ ነው። አባታችንም ስልኩን ከእጄ ተቀብለው «ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ተከሳሽ ቃሉ በሚሰማው ቋንቋ ሳይነበብለት እንዳይፈርም አጥብቀው ሲከራከሩ ኖረዋል። በየእርከኑ አልፈውም ለሻለቃነት ማዕረግ በቁ።

በ2016 ዓ.ም. በካንሰር ታመው ወደ ጅማ ተመለሱ። ይህን ጽሑፍ ማን እንደሚጽፍ ያውቁ ስለነበር፣ «ኤልያስ፣ በሽታዬን አታብዛ፤ የሠራሁትን ጻፍ» ብለው አዘዙኝ። እኔም ትእዛዛቸውን አክብሬያለሁ። ከሕክምና አልጋቸው ላይ ሆነው ያልተቋጩ አሥራ አንድ መዝገቦችን ለተተኪያቸው አንድ በአንድ አስረዱ። የመጨረሻውን ባስረዱ በአራተኛው ቀን፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ41 ዓመታቸው አረፉ።

አባታችን ቀድመዋቸው ስላረፉ፣ እናታችን ወ/ሮ ሸዋረገጥ፣ ባለቤታቸው አቶ አዲስ፣ ልጃቸው ናርዲና እኔ ወንድማቸው በሐዘን ቀርተናል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ሰው ሲቆሙ የኖሩትን እኅታችንን፣ ዛሬ በፊቱ ሲቆሙ ቸሩ አምላክ በምሕረቱ ይቀበልልን። አሜን።