የጠበቃችን የወይዘሮ ዲኬሌዲ ሞሩፔ ዕረፍትና ያልፈረምኩት መስመር

ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ አምስቱን ፎቅ ብቻዬን እወጣለሁ፣ ውኃዬን በባልዲ ራሴ አመላልሳለሁ፣ የተከራዮች ማኅበራችንንም እመራለሁ። በቋንቋዬ እንደምንም እጽፋለሁና ይህን መግለጫ ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም።

በጆሃንስበርግ የማሩላ ሕንፃ ተከራዮች፣ ጠበቃችን ወይዘሮ ዲኬሌዲ ሞሩፔ ማክሰኞ ዕለት በድንገት ስላረፉብን ከባድ ሐዘን ላይ ነን።

እ.ኤ.አ. በ2016 ባለቤቱ እኛን ለማስለቀቅ የቀጠራቸው በር ሰባሪዎች ዕቃችንን አስፋልት ላይ ሲያወርዱ፣ የፍርድ ቤት እግድ ይዘው ደረሱልን። ፍራሾቻችን በዚያው ቀን ተመለሱ።

በ2019 ከተማው መጠለያ ሳያዘጋጅ ማንም እንዳይባረር አስወሰኑ። አርባ አንድ ቤተሰብ ነን።

አምና የሕንፃው ባለቤት ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ። «የቧንቧ ጥገና ነው» አሉኝ። የጠበቆችን እንግሊዝኛ አላነብም፤ አላነብም ማለት ግን አሳፈረኝ። መነጽሬን አድርጌ፣ ራሴን ነቅንቄ ፈረምኩ። ሊቀ መንበሩ ከፈረመ ብሎ ሠላሳ ስድስት በር ተከተለኝ። ወረቀቱ ለካ «በፈቃዳችን እንለቃለን» የሚል ኖሯል።

ወይዘሮ ዲኬሌዲ ፊርማውን ለማስሻር የመሐላ ቃል አዘጋጁ።

«ንታቴ ማሮጋ፣ ‹ማንበብ አልቻልኩም› የምትለዋን አንዲት መስመር ብቻ ይፈርሙልኝ» አሉኝ፣ እንደ ወጋችን «ንታቴ»፣ አባቴ፣ ብለው እየጠሩኝ።

«ልጄ፣ በስተርጅና ሕንፃው ሁሉ ይሳቅብኝ?»

«ይሳቁ እንጂ! ጣሪያ ሥር ሆነው ይሳቁ!»

ሦስት ጊዜ ደረጃውን ወጥተው ለመኑኝ። በሦስተኛው፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሲያርፉ አይቻለሁ። እንዲያም ሆኖ አልፈረምኩም።

ክሱ የሚሰማው በመጪው ወር አሥራ አራት ነው። ቢሯቸው ሌላ ጠበቃ መድቦልናል፤ እርሱም የሚጠይቀው ያችኑ መስመር ነው። መስመሯ ካልተፈረመች ሁላችንም ጎዳና ላይ ነን።

ለእናታቸው፣ ለሁለት ልጆቻቸውና ለባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ለቅዳሜው ቀብር ሴቶቻችን ድስታቸውን ይዘው ቀድመው ይደርሳሉ።

የእኔን ዕዳ ግን ማኅበሩ አይከፍልልኝም። ቅዳሜ አካፋ ይዤ አፈር እመልስላቸዋለሁ። ሰኞ ሠላሳ ስድስቱን በር አንኳኩቼ፣ የፈረምኩት ሳላነብ እንደ ነበር እናገራለሁ። ማክሰኞ መስመሯን እፈርማለሁ። በአሥራ አራት ደግሞ ዳኛው ፊት ቆሜ፣ መነጽሬን ሳላደርግ፣ በገዛ አፌ እላታለሁ፦ ማንበብ አልቻልኩም።

ሴቲሎ ማሮጋ
የማሩላ ሕንፃ ተከራዮች ማኅበር ሊቀ መንበር