የቆላው ቡድን ስም ዝርዝር

ሰኞ፣ ታኅሣሥ ፳፭

«እነዚህን ተጫዋቾች አንድ በአንድ በስማቸው ላውቃቸው እወዳለሁ።» የጣልያኑ ሻምበል ለምክትሉ ሲነግረው ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። እግዜር ይስጠው። ጣልያን ሸዋ ሮቢት ከገባ ወዲህ ስማችንን ማወቅ የፈለገ የመጀመሪያው ሰው ነው። እስካሁን የምንጠራው በጣት ነበር።

ዛሬ ለገና ጨዋታ ፈቃድ ጠየቅነው። ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ዱላ ይዞ መሰብሰብማ አይነሳ። ገና ደግሞ ያለ ሰውም ያለ ዱላም አይሆንም። እስካሁን ሸንበቆ ውስጥ ተደብቀን ነበር የምንጫወተው። የዘንድሮው ውጤታችን፦

ከወንዝ ማዶዎች ጋር፣ አሸነፍን።
ከላይ ሰፈር ጋር፣ ተሸነፍን። (ሰይድ ማሽላ ሊያጭድ ሄዶ ነበር።)
ከላይ ሰፈር ጋር በድጋሚ፣ አሸነፍን። (ሰይድ ነበረ።)

የቀረን የበዓሉ ቀን ነው። ደገኞቹ ከጣርማ በር ሥር ይወርዳሉ። ይህን መደበቅ አይቻልም። ደገኛ ሲያሸንፍ ይጮሃል፤ ሲሸነፍ ይብስበታል።

ልመናውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ተማሪ ቤት ፈረንሳይኛ ስለተማርኩ ጣልያንኛ ታውቃለህ ተብዬ አስተርጓሚ ሆኛለሁ። እስካሁን ማንም አልነቃብኝም።

ማክሰኞ፣ ፳፮

ተፈቀደ! ሻምበሉ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአሥራ ሁለቱን ተጫዋቾች ስም ጽፌ፣ ከሥሩ ፈርሜ እንዳመጣ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። የቡድኑ አባት ጋሼ ተሰማ ግን ተቆጡ። ጾሙ ከገባ እስከ ገና ድረስ የእኛ ሰፈር ተጫዋች እናቱ ባወጣችለት ስም አይጠራም። እንደ ጥንት ጌቶች በፈረስ ስም አባ እገሌ ይባላል። በዚያ ስም ከተጠራ ክንዱ ይዝላል ነው እምነቱ።

«ጋሼ፣ አንድም ሰው እኮ ፈረስ የለውም» አልኳቸው።

«ስሙ ምን አደረገህ? ስሙ ገብስ አይበላ!»

ሰይድ ያለው አንዲት አህያ ነው፤ ስሙ ግን አባ መብረቅ ነው። እስላም ሆኖ ገና መጫወቱን የሚጠይቀው ሲመጣ «በዓሉ የናንተ፣ ሩሯ የጋራ» ይላል። ሩሯ ከእንጨት የተጠረበች ኳሳችን ናት፤ ጥርስ እንጂ ሃይማኖት አትመርጥም።

እንግዲህ ጻፍኩ። አባ መብረቅ፣ አባ ነፋስ፣ አባ ጎራዴ እያልኩ አሥራ ሁለት ሞላሁ። ሻምበሉ የጠየቀው የሚጠሩበትን ስም ነው፤ የሚጠሩትም በዚሁ ነው። ፈርሜ ሰጠሁ።

ረቡዕ፣ ፳፯

ልምምድ በአደባባይ! በፀሐይ! ልጆች፣ ሴቶች፣ ፍየሎች ሳይቀሩ ተመለከቱን። ተመስገን።

ሰይድ ግን ውሃ ሲጠጣ ጠጋ አለኝና፣ «መምህር፣ ስም የሚሰበስብ ጣልያን ሰላምታ ሊልክልን ነው እንዴ?» አለኝ። ባለፈው ወር የወንዝ ማዶዎቹ ስም ተጽፎ ነበር። በሳምንቱ ካሚዮን መጥቶ ስድስቱን ጣርማ በር ዋሻ ሊያስቆፍር ወሰዳቸው። አልተመለሱም።

ስቄ አለፍኩት። ስቄ ያለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቤት ገብቼ አንዷን የፈረንሳይኛ መጽሐፌን ገለጥኩ። መካከሏን ምስጥ በልቶታል። በዚህ አገር ከእኔ የበለጠ ፈረንሳይኛ የዘለቀው ምስጥ ነው።

ሐሙስ፣ ፳፰። ገሃድ

ዝርዝሩን ላስተካክል ብዬ ሻምበሉን ለመንኩት። «አትድከም፣ ጣርማ በር ተልኳል» አለኝ። ሲጋራም ሰጠኝ። መልካም ሰው።

ለጋሼ ተሰማ ነገርኳቸው። «አንቱ፣ ጨዋታው ይቅር። ልጆቹ ይበተኑ።»

«በጨዋታው ማግስት ይበተናሉ። ከዚያ በፊት ከተበተኑ ግን ደገኛ ፈሩን ይላል። ዋሻው ይለቃል፤ ደገኛ አይለቅም» አሉኝ።

ዓርብ፣ ፳፱። ገና

አሸነፍን!

ደገኞቹ ባናቸውን ደርበው ወረዱ። እኩለ ቀን ላይ ግማሾቹ ግራር ሥር ተኝተው ነበር። ሰይድ ሩሯን ከወንዙ አፋፍ ለጋት፤ ሦስት ሰው ዘላ ድንበሩን አለፈች። «አልሐምዱሊላህ!» ሲል ቄሱም አብረው እልል አሉ። ከዚያ እንደ ደንቡ ስድቡ ተጀመረ፦

ባናውን ደርቦ ደገኛው ወረደ፤
ላቡን ሲጠራርግ ጨዋታው ነጎደ።

ሻምበሉ አጨበጨበ። ለልጆች ስኳር በተነ። የሰይድን ክንድ ከላይም ከታችም ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ «ብራቮ» አለው። በሬ ተራ የሚገዛ ሰውም እንዲሁ ነው የሚጨብጠው። ከዚያ በመኪናው ደብረ ብርሃን ሄደ።

ቅዳሜ፣ ፴

ካሚዮኑ ጠዋት መጣ። ሰው ሁሉ ገበያው ላይ እንዲቆም ታዘዘ። አብሮ የመጣው የሀበሻ ባሻ ዝርዝሩን አውጥቶ ተጣራ።

«አባ መብረቅ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ ጎረቤቱን አየ።

«አባ ነፋስ!»

«ወደ ማጀቴ ነፍሷል» አለች አንዲት በርበሬ ሻጭ። ሰይድ ከአጠገቧ አህያውን እየጫነ ነበር።

አሥራ ሁለቱም ተጠሩ፤ አንድም አቤት የሚል ጠፋ። ባሻው ጋሼ ተሰማን ጠየቃቸው። እጅ ነሱና፣ «ጌታዬ፣ ይህማ የፈረስ ስም ነው» አሉት።

«ፈረሶቹስ?»

«በዚህ ቆላ ፈረስ መች ይበረክታል ብለው ነው?»

ባሻው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሰኞ ከሻምበሉ ጋር እመለሳለሁ ብሎ ባዶውን ካሚዮን ይዞ ሄደ። ቀትር ሳይሆን አሥራ ሁለቱም ተበተኑ። ሰይድ ካራቆሬ ዘመዶቹ ጋ ነው።

ተመስገን። ምስጋናዬ በተራ፦ ለፈጣሪ፣ ለጋሼ ተሰማ ግትርነት፣ ለበርበሬ ሻጯ፣ ላልነበሩት ፈረሶች።

ማምሻውን የዝርዝሩን ግልባጭ አውጥቼ አየሁት። ከሥሩ የፈረምኩት እናቴ ባወጣችልኝ ስም ነው።